ፔትራን በአንድ ቀን ከቤተሰብ ጋር፦ የደሴና የኮምቦልቻ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀን

ከእናቴ፣ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከደሴ ተነስተን ዮርዳኖስ ደርሰን ከተመለስን ወዲህ ጎረቤትም ዘመድም የሚጠይቀን ይኸው ነው፤ ዓመቶቹ በፈረንጆች፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው።

ፔትራ የት ናት? ምንድን ናት?

ደቡብ ዮርዳኖስ ውስጥ፣ ዋዲ ሙሳ ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ ናት። ከአማን በመኪና 3 ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ከ2,000 ዓመት በፊት ናባታውያን የሚባሉ የአረብ ሕዝብ ዋና ከተማ ነበረች። ዛሬ ቆመው የምናያቸውን ትላልቅ መቃብሮች ከቀይ ገደል ላይ ጠርበው ነው ያወጧቸው። ድንጋይ በድንጋይ ላይ ደርበው የሠሯቸው ቤቶች ግን አብዛኞቹ ፈርሰዋል።

ያ ሁሉ ሀብት ከየት መጣ ካላችሁ፣ ከዕጣን ነው። ከደቡብ አረቢያ የሚነሳው ሲራራ ዕጣንና ከርቤ በግመል ጭኖ በዚያ በኩል ወደ ጋዛ ያልፍ ነበር። ናባታውያን መንገዱንም ውኃውንም ያውቁታል። ያሳልፋሉ፣ ያጠጣሉ፣ ይቀርጣሉ። ቡና ሲፈላ ፍም ላይ ጣል የምናደርጋት ዕጣን ያን ሁሉ ድንጋይ እንዳስጠረበች ለእናቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና «እኛ እኮ በጭስ ነው የምንጨርሳት» አለች።

በ106 ሮማውያን በንጉሣቸው በትራጃን ዘመን ጠቅልለው ያዟት። ንግዱ ቀስ በቀስ ወደ ባሕር ዞረ። በ363 ደግሞ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ መታት። በ1812 ቡርክሃርት የሚባል ስዊዘርላንዳዊ እንደ ሙስሊም ለብሶ ገብቶ ለአውሮፓ አወራላት። «ተረስታ የተገኘች ከተማ» የሚሏት ከዚያ በኋላ ነው። የአካባቢው ሰው ግን ረስቷት አያውቅም፤ ውስጧ ይኖር ነበር። ዩኔስኮ በ1985 መዘገባት።

ላሊበላን አይተናል። ፔትራ ምን አዲስ ነገር ታሳየናለች?

የወሎ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም፤ ደግሞም ልክ ነው። ሁለቱም ከአንድ ወጥ ድንጋይ የተፈለፈሉ ናቸው። ሁለቱም ከላይ ወደ ታች ነው የተጠረቡት። መሮው አንዴ ከሳተ የሚጠገን ነገር የለም።

ልዩነቱ ይኼ ነው። ላሊበላ ወደ መሬት ተቆፍሮ የወረደ ነው። ቤተ ጊዮርጊስ በአራቱም በኩል ከእናት ድንጋዩ ተለይቶ ብቻውን ቆሟል። ውስጡም አምድ፣ ቅስት፣ መስኮት፣ ሁሉ አለው። ዛሬም ይቀደስበታል። ፔትራ ግን ፊት ናት። ከውጭ ሲታይ አፍ የሚያስከፍት ሕንፃ፣ ውስጡ ሲታይ ባዶ አራት ማዕዘን ክፍል። የ8 ዓመቱ ልጃችን ወደ ጨለማው አሻግሮ አየና «አለቀ?» አለ። መቃብር መሆኑን ቀድመን ብንነግረው ኖሮ ቅር አይለውም ነበር።

በዕድሜ ፔትራ ከ1,000 ዓመት በላይ ትበልጣለች። ግን ላሊበላን ሳታዩ ለፔትራ ብር የምታጠራቅሙ ካላችሁ፣ እባካችሁ መጀመሪያ ላሊበላን እዩ። ቅርባችን ስለሆነ ብቻ አይደለም። ላሊበላን ያየ ዓይን ፔትራ ላይ የመሮውን ፈለግ ይፈልጋል፣ ጠራቢው የት ቆሞ እንደጀመረ ይጠይቃል።

ከደሴ ወይም ከኮምቦልቻ እንዴት ይኬዳል?

ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አማን። በመኪና አዲስ አበባ የሚወርድ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠብቀዋል። የአማን አውሮፕላን ማረፊያ ከከተማው በስተደቡብ ነው። ስለዚህ ወደ ፔትራ ቀጥታ የሚሄድ ሰው አማን ከተማ መግባት የለበትም። ከአማን ፔትራ ጠዋት ጠዋት ጄት የሚባል ድርጅት አውቶቡስ አለ። አምስት ስድስት ሆኖ ለሚሄድ ቤተሰብ ግን መኪና በኮንትራት መያዝ ይሻላል።

ቪዛውን እዚሁ ሆናችሁ ጨርሱ። አንድ ወኪል «እዚያው ስትደርሱ ይመታላችኋል» ብሎን ሁለት ሳምንት ሙሉ በከንቱ ተዘናግተናል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ በዚህ ወሬ አውሮፕላን መሳፈር አያዋጣም። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱን ከፓስፖርቱ ጋር አንድ ላይ አድርጉት። ልጆች ካሉ የልደት ሰርተፊኬታቸው አይቅር።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ፣ ወይም ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር። ችግሩ ልጆቻችን ትምህርት የሚዘጋላቸው በክረምት መሆኑ ነው። እኛ ዝናብ ስንጠለል እዚያ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በሐምሌ አረጋዊ ይዞ መሄድን አልመክርም።

እኛ የሄድነው በመንፈቅ ዓመቱ እረፍት፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ጠዋት የደሴን ብርድ የሚያስንቅ ነበር። እናቴ ጋቢዋን ደርባ ነው የገባችው። 5 ሰዓት ላይ ሁላችንም ሹራባችንን በእጃችን ይዘን ነበር። በዚያ ወቅት ዝናብ ሊኖር ስለሚችል ስለ ጎርፍ ታች ያለውን አንብቡ።

መግቢያው ስንት ነው?

ለውጭ አገር ሰው የአንድ ቀን 50 ዲናር ነው፤ ከ70 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል። ይህ ዮርዳኖስ ውስጥ ለሚያድር ሰው ነው። ሳያድር በዚያው ቀን አይቶ የሚወጣ 90 ዲናር ይከፍላል። ሁለት ቀን 55፣ ሦስት ቀን 60 ነው። ከ12 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በነፃ ይገባሉ። የ13 ዓመቷ ልጃችን እንደ ትልቅ ሰው ከፈለች፤ ይህን ሳናስብ ነበር የሄድነው። ዋጋው ሊቀየር ስለሚችል ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ።

ጆርዳን ፓስ የሚባል፣ ብዙ ቦታዎችን ባንድ ላይ የሚያስገባ ካርድም አለ። ከ70 ዲናር ይጀምራል። ትልቁ ጥቅሙ የቪዛ ክፍያን ማስቀረቱ ነው። ቪዛውን ቀድሞ ላወጣና ፔትራን ብቻ ለሚያይ ሰው በር ላይ ትኬት መግዛቱ ይቀላል።

አንድ ቀን ይበቃል? ቀኑን እንዴት እናድርገው?

ሁሉን ለማየት አይበቃም። ለቤተሰብ ግን ይበቃል፣ መምረጥ ከቻላችሁ። ሌሊቱን ዋዲ ሙሳ እደሩ። በሩ 12 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ሰዓታቸው ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ እነሱ 6 የሚሉትን እኛ 12 ማለታችን ብቻ ነው ልዩነቱ። ከአማን በዚያው ጠዋት የሚነሱ ሰዎች የሚደርሱት ረፈድ ሲል ነው። እነሱ እስኪመጡ ሁለት ሦስት ሰዓት ከተማው የእናንተ ነው።

እኛ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ገባን። ከበሩ እስከ ካዝናው፣ ገደሉ ላይ እስከተጠረበው ዝነኛ ሥራ ድረስ፣ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የመጨረሻው 1.2 ኪሎ ሜትር ሲቅ የሚባለው ጠባብ የገደል መተላለፊያ ነው። ቁልቁል ስለሆነ እግር አይሰማውም። ካዝናው ጋ ስንደርስ ከኛ ሌላ አሥር ሰው አይሞላም ነበር። አንድ ግመል ተኝታ ታመሰኳለች። እዚያ ግማሽ ሰዓት ተቀመጥን።

ከዚያ መቃብሮቹ የተደረደሩበት ጎዳና፣ ከዚያ ቲያትሩ። ቲያትሩ ከተራራው ጎን የተፈለፈለ ነው። ለሱ ቦታ ሲያስፋፉ ድሮ የነበሩ መቃብሮችን ቆርጠው እንዳለፉ ከላይ የቀሩት ቀዳዳዎች ያሳያሉ። ፊት ለፊት ተራራው ላይ የነገሥታት መቃብሮች የሚባሉት ተሰልፈዋል። ከነሱ አንዱ በ446 ቤተ ክርስቲያን ተደርጓል። ባለቤቴ እዚያ ውስጥ ገብቶ ጣሪያውን አሻቅቦ እያየ ረጅም ጊዜ ቆየ። ድንጋዩ ቀይ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ እየሆነ እንደ ጥለት ይሄዳል።

በ5 ሰዓት ተኩል በአምዶች የተሰለፈው የሮማውያን ጎዳና መጨረሻ ላይ ነበርን። ፀሐዩ የከረረው ያን ጊዜ ነው። ለሁለት ተከፈልን። ባለቤቴና ልጅቷ ዴይር ወደሚባለው ተራራ ላይ ያለ ትልቅ ሥራ ወጡ። ከ800 በላይ ደረጃ አለው። እናቴ፣ አማን የምትኖረውና እዚያ የተቀላቀለችን እህቴ፣ ትንሹና እኔ ታች ጥላ ስር ቀረን። «ሁላችንም አብረን ካልወጣን» የሚል ቤተሰብ ማታ ላይ ሲጣላ ነው የሚመለሰው። አትሞክሩት። እነሱ በ8 ሰዓት ወረዱ። ልጅቷ «ከካዝናው ይበልጣል፣ በሩ ብቻ ቤታችንን ያህላል» ትላለች። ወርዱ 47 ሜትር ያህል ነው። የሐረጎን ዳገት በእግር የወጣ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ልጅ ደረጃው አያሸንፈውም፤ የሚያሸንፈው ውኃ ካልያዘ ነው።

ሲቁ ውስጥ ምን እንይ? ሰው ሁሉ ቶሎ ያልፈዋል።

ግድግዳውን በጉልበታችሁ ከፍታ ላይ እዩት። ከጫፍ እስከ ጫፍ የተጠረበ ቦይ አለ። በሌላው ወገን የሸክላ ቱቦ የተቀበረበት መስመር ነው። ውኃው የሚመጣው ከተማው ውጭ ካለ ምንጭ ነው። ናባታውያን ቁልቁለቱን ለክተው፣ ሳይፈጥን ሳይዘገይ፣ ከተማ መሐል አስገብተውታል። ዝናብ በዓመት ጥቂት ቀን በሚጥልበት በረሃ በሺህ የሚቆጠር ሰው ያኖረ ከተማ በዚህ ቦይ ነው የቆመው። ለእኔ ከካዝናው ይልቅ የሚገርመው ይኼ ነው።

እናቴ ልጅ ሆና ከምንጭ ውኃ ስትቀዳ ያደገች ናት። ቦዩን ስታይ ጎንበስ ብላ መዳፏን አስገባችበት። ደርቋል፣ አሸዋ አለው። በጣቷ የመሮውን ሰረዝ እየተከተለች ትንሽ ሄደች። «ቢገድፉ ኖሮ ውኃው እዚህ ጋ ይቆም ነበር» አለችን። ልጁም «እማማ፣ ወደየት ነው የሚሄደው?» እያለ ከኋላዋ ቦዩን ተከትሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራው ቦይ መፈለግ ሆነ።

መሐል አካባቢ ግድግዳው ላይ የግመል ነጂ ምስል አለ። ላይኛው ክፍል በልሟል። የቀረው የሰውዬው እግር፣ የልብሱ ጫፍና የግመሎቹ ሆድና እግር ነው። ያን ዕጣን የተሸከመው ሲራራ ይኸው ነው። ሳያዩት የሚያልፉት ብዙ ናቸው።

ካዝናው ውስጥ እውነት ወርቅ ነበር?

አልነበረም። አረብኛ ስሙ ኸዝነ ነው፤ ከእኛ «ካዝና» ጋር የሚቀራረበውን ልብ በሉ። የአካባቢው ሰው ፈርዖን ሀብቱን እዚያ እንደደበቀ ያምን ነበር። ከላይ ጫፉ ላይ የድንጋይ እንስራ አለ። ወርቁ እዚያ ውስጥ ነው ብለው በጥይት ደብድበውታል። የጥይቱ ምልክት አሁንም ይታያል። እንስራው ግን ድፍን ድንጋይ ነው።

40 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ይህ ሥራ መቃብር እንደሆነ ይታመናል። አብዛኞቹ አጥኚዎች ከንጉሥ አሬታስ አራተኛ ዘመን ጋር ያያይዙታል። ይህ ንጉሥ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ። ቅዱስ ጳውሎስ ከደማስቆ በቅርጫት ሆኖ በግንብ ወርዶ ሲያመልጥ፣ ከተማዋን ያስጠብቅ የነበረው የዚህ ንጉሥ ሹም ነበር፤ ሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 11 መጨረሻ ላይ ታገኙታላችሁ። ከካዝናው ፊት ካለው መሬት ሥር ሌሎች መቃብሮች ተገኝተዋል። በ2024 ይፋ የሆነው 12 አጽሞች ነበሩበት። ወደ ውስጥ መግባት አይፈቀድም።

እናቴ ጉልበቷን ያማታል። ትችላለች?

መግባቱን ትችላለች። የሚከብደው መውጣቱ ነው። ይህን ማንም አልነገረንም። ጠዋት ቁልቁል ስለሆነ ሁሉ ነገር ቀላል ይመስላል። ያው መንገድ ከሰዓት በኋላ፣ በደከመ እግር፣ ዳገት ነው። ከበሩ እስከ አምዶቹ ጎዳና መጨረሻ ደርሶ መልስ 8 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ደሴ ላይ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ በእግሬ እመላለሳለሁ የሚል ሰው እንኳ ሊደክመው ይችላል።

ከበሩ እስከ ካዝናው በባትሪ የምትሄድ ትንሽ መኪና አለች። ክፍያዋ ለብቻ ነው። እናቴን ጠዋት በእግሯ አስገብተን ከሰዓት በኋላ በሷ አስወጣናት። ስታስገቡ ሳይሆን ስትወጡ ተጠቀሙባት። ማታ ላይ ሰልፍ ስላለ ከ9 ሰዓት በፊት ካዝናው ጋ ድረሱ። ከካዝናው ወዲያ ግን አትሄድም። ስለዚህ ጉልበቱ የማይታመን ሰው ቲያትሩን አይቶ ቢመለስ ምንም አይቀርበትም። ነጠላ፣ ከዘራና ለስላሳ ጫማ አይረሱ።

ልጆች አይሰለቻቸውም?

የሚፈልጉት ነገር ከሰጣችኋቸው አይሰለቻቸውም። የኛ ትንሽ ቦይ ፈላጊ ሆነ። ትልቋ በየመቃብሩ በር ላይ ያለውን የደረጃ ቅርጽ ትቆጥር ነበር። በየገደሉ ጫፍ አጥር የለም፤ ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ እጁ ከእጃችሁ አይውጣ። ሽንት ቤቱ ጥቂት ቦታ ብቻ ስለሆነ ባገኛችሁበት ግቡ።

ምግብ፣ ጾምና ሶላትስ?

ምግቡ ሐላል ነው፤ በዚህ አትጨነቁ። ዓርብ ስለነበር ባለቤቴ ጾመኛ ነው። ሑሙስ፣ ፈላፍልና ፉል ጠግቦ በላ። ሑሙስ የሽንብራ ነው፣ ፈላፍልም እንደዚያው፤ ለጾመኛ ከዮርዳኖስ የሚመች አገር ያለ አይመስለኝም። መንሰፍ የሚሉት ትልቁ ምግባቸው ግን በግ በእርጎ ነው፤ የፍስክ ነው።

ውስጥ የሚሸጠው ውኃና ምግብ ከውጭው በጣም ይወደዳል። እኛ ከደሴ ጭኮና ቆሎ ይዘን ነበር። በእግር ለሚውል ሰው ጭኮን የሚያህል ስንቅ የለም። ቢያንስ ለሰው ሁለት ሊትር ውኃ ያዙ። እናቴ ዙሁርን ጥላ ስር፣ ነጠላዋን አንጥፋ ሰገደች። ቂብላውን አንድ ሻይ ሻጭ በደዊን (የበረሃ አረብ) አሳያት፣ ገንዘብ አልቀበልም ብሎ ሻይም በነፃ ሰጣት።

አህያ ወይም ፈረስ እንቀመጥ?

ከበሩ እስከ ሲቁ አፍ ያለው ፈረስ ከትኬቱ ጋር ነው ይባላል። ግን ጉርሻ ይጠበቅባችኋል፤ መጠኑን ከመቀመጣችሁ በፊት ተነጋገሩ። ወደ ዴይር በደረጃው የሚያወጡትን አህዮች ግን አልወደድኳቸውም። ድንጋዩ ያዳልጣል፣ አህያዋ ያለ ዕረፍት ትመላለሳለች፣ ገደሉ ቅርብ ነው። እኛ አህያ የምናውቅ ሰዎች ነን። ደክሟት ጆሮዋን ጥላ የቆመች አህያ ላይ ትልቅ ሰው ሲወጣ ማየት ከባድ ነው።

ፖስትካርድና ባለቀለም ድንጋይ የሚሸጡ ትንንሽ ልጆችም አሉ። አንጀት ይበላሉ። ከነሱ አትግዙ፤ የቦታው አስተዳዳሪዎችም ይህንኑ ይለምናሉ። ልጁ በሸጠ ቁጥር ከትምህርት ቤት ይቀራል። ከእናቶቻቸው ግዙ። በደዊኖቹ እስከ 1985 ድረስ በዋሻዎቹ ውስጥ ይኖሩ ነበር፤ ከዚያ ኡም ሰይሑን ወደሚባል መንደር ተዛወሩ። ስለዚህ ሻጯ እናት በገዛ ሰፈሯ ነው የተቀመጠችው።

ከሙሴና ከአሮን ጋር የሚያገናኘው ምንድን ነው?

ዋዲ ሙሳ ማለት የሙሴ ሸለቆ ነው። ሙሴ ዐለቱን መትቶ ውኃ ያፈለቀው እዚያ ነው የሚል የቆየ ትውፊት አለ፤ ምንጩም ዓይን ሙሳ ይባላል። ከፔትራ በላይ ጀበል ሃሩን የሚባል ተራራ ይታያል። አናቱ ላይ ነጭ ጉልላት አለ። የሙሴ ወንድም የአሮን፣ የነቢዩ ሃሩን መቃብር ነው ተብሎ ይከበራል። ቡርክሃርት እንኳ የገባው «ለሃሩን ፍየል ላርድ ተስዬ ነው» ብሎ ነው።

በአንድ ቀን ተራራው ላይ መውጣት አይቻልም። እናቴ ከታች ሆና በእጇ ከልላ ስታየው ነጩን ነጥብ አገኘችው። ቆማ ዱዓ አደረገች። ባለቤቴ ደግሞ አጠገቧ አማተበ። ለእኛ ለወሎዎች ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ እህቴ ግን ፎቶ አነሳቻቸው።

ሙስሊሞች ነን። ይህች አላህ የቀጣት የሠሙዶች ከተማ አይደለችም?

ይህን በጥንቃቄ ነው የምመልሰው። የነቢዩ ሷሊህ ሕዝብ፣ የሠሙዶች አገር ተብሎ የሚታወቀው አል ሒጅር ነው። እሱ ያለው በሳዑዲ አረቢያ፣ ከፔትራ በስተደቡብ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ መዳኢን ሷሊህ ይሉታል። ሰው የሚያምታታው ስለሚመሳሰሉ ነው። እዚያ የሚታዩትን የተጠረቡ መቃብሮችም የሠሯቸው እነዚሁ ናባታውያን ናቸው፤ አል ሒጅር ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማቸው ነበረች።

ስለዚህ ፔትራ አል ሒጅር አይደለችም። የጥንት ሕዝብ መቃብር መጎብኘት ይገባል አይገባም የሚለውን ግን ከሸኾቻችሁ ጠይቁ። እናቴ ከመነሳታችን በፊት ጠይቃ ነው ልቧ ያረፈው።

ጎርፉ ያስፈራል?

ዝናብ ባለበት ቀን አዎ። ሲቁ ጠባብ ነው፣ ዙሪያው ደረቅ ዐለት ነው፤ ርቆ የዘነበ ዝናብ ሁሉ ወደሱ ይሮጣል። በ1963 ከ20 በላይ ፈረንሳውያን ጎብኚዎች በጎርፍ ሲቁ ውስጥ አልቀዋል። ከዚያ በኋላ መግቢያው ላይ ግድብ ተሠራ። ናባታውያን ይህን ከ2,000 ዓመት በፊት ያውቁት ነበር። ጎርፉን የሚያስቀይስ ግድብና በዐለት የተቆፈረ ዋሻ ሠርተው ነበር፤ ዋሻው አሁንም አለ፣ ከሲቁ አፍ በስተቀኝ ይታያል።

የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ያየ የኮምቦልቻ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ጠባቂዎቹ «ዛሬ ተዘግቷል» ወይም «ውጡ» ካሉ አትከራከሩ። ብትችሉ አንድ ትርፍ ቀን ያዙ።

እህታችን አማን በሰው ቤት ትሠራለች። አብራን መምጣት ትችላለች?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ብዙ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀን ይህን ነው። እኛንም ዮርዳኖስ የወሰደን ፔትራ አይደለችም። ታናሽ እህቴ ናት። እናቴ ካየቻት 6 ዓመት አልፏት ነበር።

አዎ፣ ትችላለች። የቤት ሠራተኛ በሕጉ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አላት። በተግባር ግን ሁሉም በማዳሟ ፈቃድ ነው የሚያልቀው። ስለዚህ ከወር በፊት ይጀመር። እህታችሁ ራሷ ትጠይቅ፣ ቀኑን ለይታ፣ የምትመለስበትን ሰዓት ጭምር ተናግራ። እናንተ ከደሴ ደውላችሁ አትጫኑ፤ ፊቱ የሚጠቁረው በእሷ ላይ ነው። የእኛዋ ሐሙስ ማታ ወጥታ ዓርብ ማታ እንድትመለስ ተፈቀደላት። ቀኑን በሙሉ የቀረጽነው በዚያ ልክ ነው። 9 ሰዓት ላይ መውጣት የነበረብን፣ ዴይር ሁላችንም ያልወጣነው፣ ለዚህ ነው።

ኢቃማዋ (የመኖሪያ ፈቃዷ) ያላለፈበትና በእጇ ያለ ይሁን። መንገድ ላይ ፍተሻ ይኖራል። ኢቃማ ያለው ነዋሪ ፔትራ የሚገባው በ1 ዲናር ነው። እህቴ ይህን አታውቅም ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ማዳሟ እንግዳ ወደ ፔትራ ሲሸኙ ስንቃቸውን ስትቋጥር ኖራለች። ቦታው ለፈረንጅ ብቻ የተሠራ ይመስላት ነበር።

ሲቁ መጨረሻው ላይ በጣም ይጠባል። ከዚያ በስንጥቁ መሐል የካዝናው አምድ ብልጭ ይላል። እህቴ ከፊት ነበረች። ቆመች። ዞራ ወደኛ መጣችና የእናቴን እጅ ይዛ «እማ፣ አንቺ ቅደሚ» አለቻት።